ማስጠንቀቂያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢመጣ ማን ያየዋል? የቢሮ ኮምፒውተር ጥበቃ ከአንቲቫይረስ እስከ 24 ሰዓት የባለሙያ ክትትል (ኤምዲአር)

አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ፍላሽ ሰክቶ ወረቀት ያሳተመ ሰው “ሾርትከት ቫይረስ” የሚባለውን ሳያውቀው አይቀርም። ፍላሹ ቢሮ ተመልሶ ሲሰካ ፎልደሮቹ በቦታቸው አሉ፣ ስማቸውም ያው ነው፤ ጥጋቸው ላይ ግን ትንሽ ቀስት ተለጥፋለች። ሲጫኗቸው ይከፈታሉ፣ ፋይሎቹም ውስጥ አሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው ምንም አልሆነም ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

የሆነው ግን እንዲህ ነው። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር “ድብቅ” እና “የሲስተም” የሚል ምልክት ሰጥቶ ከዓይን ይሰውረዋል። በቦታው በዚያው ስም የፎልደር መልክ ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱ ሲጫን ሁለት ነገር በተከታታይ ያደርጋል፦ መጀመሪያ ፍላሹ ላይ የተደበቀውን ስክሪፕት ያስነሳል፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል። ተጠቃሚው የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ሾርትከቱን ሳይከፍት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ “ፕሮፐርቲስ” ውስጥ ይግባና “ታርጌት” የሚለውን መስመር ያንብብ። እዚያ ላይ ሲኤምዲ (cmd)፣ ደብሊውስክሪፕት (wscript) ወይም ኤምኤስአይኤግዜክ (msiexec) የሚል ስም ካለ፣ የተከፈተው ፎልደር ሳይሆን ፕሮግራም ነበር ማለት ነው።

አትሪብ (attrib) በሚባለው ትዕዛዝ ድብቅነቱን ማንሳትና ሾርትከቶቹን መሰረዝ ፍላሹን ያጸዳል፤ ኮምፒውተሩን ግን አያጸዳም። ስክሪፕቱ አንዴ ከተነሳ ኮምፒውተሩ ላይ ራሱን ቀድቷል፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር እንዲነሳም ራሱን አስመዝግቧል። ነገ የሚሰካውን ፍላሽም ይበክላል። ጉዳዩን ፋይል ከመደበቅ ያለፈ ጣጣ የሌለው አድርጎ ማየት አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታወቀው ራስበሪ ሮቢን የተባለ ቫይረስ በዚሁ የፍላሽ ሾርትከት መንገድ ነበር የሚሰራጨው፤ ማይክሮሶፍት በ2022 እንዳስታወቀው በእርሱ የተበከሉ ኮምፒውተሮች በኋላ ለራንሰምዌር አጥቂዎች መግቢያ ሆነዋል። የራንሰምዌር ሥራ የድርጅቱን ፋይሎች በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ መጠየቅ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚጀምርበት መሣሪያ በሙያው ቋንቋ ኢንድፖይንት ይባላል። በኔትወርኩ ጫፍ ላይ ያለ፣ ሰው የሚሠራበት ወይም ፕሮግራም የሚሮጥበት መሣሪያ ሁሉ ኢንድፖይንት ነው፤ ዴስክቶፕ፣ ላፕቶፕ፣ ሰርቨር፣ የሥራ ስልክ። ብዙ ጊዜ የሚረሱትም እዚህ ውስጥ ናቸው፤ የደህንነት ካሜራ የተያያዘበት አሮጌ ኮምፒውተር፣ ለፕሪንተር ብቻ የተተወው፣ የቀድሞ ሠራተኛ ትቶት የሄደውና እስካሁን የሚበራው።

ፋይሉን ማወቅና ድርጊቱን ማየት

አንቲቫይረስ በመሠረቱ “ይህን ፋይል አውቀዋለሁ ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ከእያንዳንዱ ፋይል በስሌት አሻራ ይወጣል። ሻ 256 በሚባለው ዘዴ የሚወጣው አሻራ 64 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ ፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትቀየር አሻራው ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። አጥቂዎች ይህን ስለሚያውቁ ለየተጠቂው አዲስ ቅጂ ያዘጋጃሉ፣ ያ ቅጂ ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ የለም። የዛሬ አንቲቫይረሶች በዚህ ምክንያት አሻራ ላይ ብቻ አይቆሙም፤ የኮዱን ቁርጥራጭ ያነጻጽራሉ፣ ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚያደርገውንም በመጠኑ ይከታተላሉ።

እዚህ ላይ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር በነጻ የሚመጣው ዲፌንደር በትክክል በርቶና በየቀኑ አፕዴት እየሆነ ከሠራ፣ በክራክ (የፈቃድ ቁልፉን በሚሰብር ፕሮግራም) ከተጫነ “የተከፈለበት” አንቲቫይረስ እጅግ ይሻላል። ክራክ ራሱ አንዱ ትልቅ መግቢያ ነው። የአብዛኛው ክራክ መመሪያ የሚጀምረው “መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ” በሚል ነው፤ ይህን የሚታዘዝ ሰው የማያውቀውን ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ያለ ምንም ጠባቂ፣ በገዛ እጁ አስነሳ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ዛሬውኑ ይፈትሹ። አንደኛው በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ያለው የ“ኤክስክሉዥን” ዝርዝር ነው፤ አንቲቫይረሱ እንዳያያቸው የተነገሩት ቦታዎች እዚያ ይታያሉ። ሲስተም የጫነው ቴክኒሻን ክራኩ እንዳይሰረዝበት ብሎ ሙሉውን ሲ ድራይቭ እዚያ ውስጥ ካስገባው፣ ጥበቃው አረንጓዴ ምልክት እያሳየ ምንም አያይም። ሁለተኛው “ታምፐር ፕሮቴክሽን” መብራቱ ነው፤ ይህ ሌላ ፕሮግራም ጥበቃውን እንዳያጠፋው የሚከለክል ማብሪያ ነው። አንቲቫይረሱ በእርግጥ ይሠራ እንደሆነ ለመሞከር ደግሞ ኢካር የሚባል 68 ፊደላት ያሉት የሙከራ ጽሑፍ አለ። ምንም ጉዳት የለውም፤ አንቲቫይረሶች ሁሉ እንደ ቫይረስ ሊይዙት የተስማሙበት ነው። በተራ ፋይል ሲያስቀምጡት ካልተያዘ ጥበቃው አይሠራም።

በደንብ የሚሠራ አንቲቫይረስም ቢሆን የማያየው ትልቅ ክፍተት አለ። አጥቂው ምንም አዲስ ፋይል ላያመጣ ይችላል። በኢሜይል የመጣ “ደረሰኝ” ተከፍቶ ውስጡ ያለው ማክሮ (ሰነድ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም) ፓወርሼል የሚባለውን የዊንዶውስ የትዕዛዝ መስጫ ያስነሳል፤ ፓወርሼል ከኢንተርኔት ኮድ አውርዶ ዲስክ ላይ ሳያስቀምጥ በቀጥታ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ (ራም) ላይ ያስኬዳል። ዎርድ የማይክሮሶፍት ነው፣ ፓወርሼልም የማይክሮሶፍት ነው፣ ሁለቱም ሕጋዊ ፊርማ አላቸው። ማይክሮሶፍት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጡ ፋይሎችን ማክሮ በነባሪነት ዘግቷል፤ አሮጌ ኦፊስ በሚጠቀም ቢሮ ውስጥ ግን መንገዱ አሁንም ክፍት ነው።

ኢዲአር የሚባለው መሣሪያ ጥያቄውን ይቀይረዋል። የሚጠይቀው “ይህ ፕሮግራም አሁን ምን እያደረገ ነው? ማን አስነሳው?” ብሎ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጋርትነር በሚባለው የቴክኖሎጂ ጥናት ድርጅት ተንታኝ የነበረው አንቶን ቹቫኪን ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ኤጀንት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይጫናል፤ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን እንደወለደ፣ ወደ የትኛው አድራሻ እንደተገናኘ፣ የትኛውን ፋይልና የሲስተም መዝገብ እንደነካ እየመዘገበ ወደ ማዕከል ይልካል። ኤክስፕሎረር ዎርድን ቢያስነሳ የተለመደ ነው። ዎርድ ፓወርሼልን ቢያስነሳ ግን በአንድ የሂሳብ ሠራተኛ የሥራ ቀን ውስጥ የሚታይ ነገር አይደለም። የሚያስጠረጥረው በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ነው፤ ለብቻቸው ቢታዩ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው።

ኢዲአር የሌለው ቢሮ ይህን ታሪክ ከዊንዶውስ ሎግ (የድርጊት መዝገብ) ላገኘው ብሎ ያስብ ይሆናል። የዊንዶውስ የደህንነት ሎግ በነባሪነት የተሰጠው ቦታ 20 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ሲሞላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ከውጭ ፓስወርድ የሚሞክር አጥቂ በሺዎች የሚቆጠሩ የከሸፉ ሙከራዎችን ሲያስመዘግብ፣ አስፈላጊው መስመር በእነርሱ ተውጦ ይጠፋል። ኢዲአር ባይገዙም ይህን መጠን ወደ 1 ጊጋባይት ማሳደግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኢቨንት ቪወር ውስጥ “ሴኪዩሪቲ” ላይ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ ውስጥ መቀየር ነው።

አንድ ሌሊት በቅርብ ሲታይ

ስታዲየም አካባቢ ባለ ሕንፃ 14 ኮምፒውተርና አንድ ሰርቨር ያለው የሂሳብ አገልግሎት ቢሮ እንውሰድ። የደንበኞች የፒችትሪ (የሂሳብ መያዣ ፕሮግራም) ዳታ ሰርቨሩ ላይ ሼር ተደርጓል። ሥራ አስኪያጁ ከቤት ሆኖ እንዲሠራ ተብሎ የአንዱ ኮምፒውተር ሪሞት ዴስክቶፕ (ኮምፒውተሩን ከርቀት የሚያሠራው አገልግሎት)፣ ማለትም የሚገባበት በር ፖርት 3389፣ ወደ ኢንተርኔት ተከፍቷል። ጊዜው ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ በሎጉ ላይ 4625 የሚል ቁጥር ይደጋገማል፤ የከሸፈ መግቢያ ማለት ነው። ከሌሊቱ 7፡52 ላይ 4624 ይመጣል፤ ተሳክቷል። አጥቂው በአስተዳዳሪ ስም ገብቷል። 8፡03 ላይ ኔትወርኩ ውስጥ ምን ምን ኮምፒውተር እንዳለ የሚቃኝ መሣሪያ ያስነሳል። 8፡09 ላይ ኤልሳስ የሚባለውን የዊንዶውስ ክፍል ማስታወሻ ያነባል፤ በዚያ ኮምፒውተር የገቡ ሰዎች የፓስወርድ ምስጢር የሚገኘው እዚያ ነው። 8፡21 ላይ በዚያ ምስጢር ወደ ሰርቨሩ ይሻገራል። 8፡26 ላይ አንቲቫይረሱን ለማስቆም ይሞክራል። 8፡31 ላይ ዊንዶውስ በራሱ የያዛቸውን የቀድሞ ቅጂዎች፣ ሻዶው ኮፒ የሚባሉትን፣ ይሰርዛል። ይህን የሚያደርገው ባለቤቱ ፋይሎቹን መመለስ እንዳይችል ነው። 8፡32 ላይ የፒችትሪ ፋይሎች ስም አንድ በአንድ መቀየር ይጀምራል።

አንቲቫይረስ ብቻ ቢኖር እስከ 8፡26 ድረስ ምንም ሳይናገር ሊቆይ ይችላል። ኢዲአር ቢኖር 7፡52 ላይ መጠነኛ፣ 8፡09 ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ከ8፡09 እስከ 8፡31 ያለው 22 ደቂቃ ነው። የቢሮው ዕጣ የሚወሰነው በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚሄደው ግን የቢሮው አጠቃላይ ኢሜይል ወዳለበት ሣጥን ከሆነ፣ ጸሐፊዋ የምትከፍተው ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ ነው። ውድ መሣሪያ ገዝተው የተጎዱ ድርጅቶች ሎግ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህ ነው፤ መሣሪያው አይቷል፣ ተናግሯል፣ የሰማው ግን የለም።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። የእነዚህ መሣሪያዎች ሎግ በአብዛኛው የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። እኛ ከሌሊቱ 8፡09 የምንለው በውጭ አቆጣጠር እሁድ 2፡09 ነው፤ በዩቲሲ ደግሞ ገና ቅዳሜ 23፡09 ነው። ሰዓቱም ቀኑም ይለያል። በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር የሌሊቱን ሰዓት ወደ ዩቲሲ ለመቀየር 3 ሰዓት ደምረው 12 ይጨምሩ፣ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ይቀንሱ፤ ለቀኑ ሰዓት 3 መደመር ብቻ ይበቃል። ጠዋት 3፡00 በዩቲሲ 6፡00 ነው። ሪፖርት ላይ “23፡09” አይቶ የምሽቱን ፈረቃ ጥበቃ የጠየቀ ሰው የተሳሳተ ሰው እየጠየቀ ነው።

ኤምዲአር፦ የሚያይ ሰውና የመቁረጥ ሥልጣን

ማስጠንቀቂያውን 24 ሰዓት የሚያይ ሰው ለመቅጠር ስንት ያስፈልጋል? በሳምንት ውስጥ 168 ሰዓት አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ 168 ለ48 ሲካፈል 3.5 ይመጣል። ዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና በዓል ሲጨመርበት አንዲት ወንበር ሁልጊዜ እንድትያዝ 5 ሰው ያስፈልጋል። 14 ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ይህ የማይታሰብ ነው። ኤምዲአር የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ብዙ ድርጅቶች አንድ የባለሙያ ቡድን በጋራ ይከፍሉለታል፣ ቡድኑ የሁሉንም ኤጀንት ከአንድ ማዕከል ያያል።

ቡድኑ በመጀመሪያ የሚያደርገው መለየት ነው። ከሚመጣው ማስጠንቀቂያ አብዛኛው ጥፋት አይደለም፤ ቴክኒሻኑ በርቀት ፕሪንተር እየጫነ ይሆናል፣ ባክአፕ የሚያደርገው ስክሪፕት እንግዳ መስሎ ይታያል። ጥርጣሬው ከጸና በኋላ የሚወሰደው ዋናው እርምጃ መነጠል ይባላል። ኤጀንቱ ኮምፒውተሩ ከማዕከሉ ጋር ካለው መስመር በቀር ሌላውን ግንኙነት ሁሉ ይቆርጣል። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፣ ማስታወሻው ውስጥ ያለው ማስረጃም አልጠፋም፤ አጥቂው ግን ወደ ሰርቨሩ መሻገር አይችልም። ከዚያ ስልክ ይደወላል። ጥሩ ጥሪ አጭር ነው፦

“ይቅርታ፣ በሌሊት ስለደወልኩ። ከጥበቃ ማዕከሉ ነው። አንዱ ኮምፒውተራችሁ ላይ ከ20 ደቂቃ በፊት ከውጭ አገር አድራሻ የገባ ሰው አለ። የእናንተ ቴክኒሻን ይሆን?”

“አይ፣ እኛ ዛሬ ማንንም አላዘዝንም።”

“እሺ፣ እንግዲያው ነጥለነዋል። እባክዎ ጠዋት የሚገባ ሰው እንዳያጠፋውና እንዳይነካው ይንገሩልን።”

የስልክ ማጭበርበር በበዛበት ከተማ ባለቤቱ ደዋዩ እውነተኛ መሆኑን እንዴት ያውቃል? አስቀድሞ የተስማሙበት የማረጋገጫ ቃል ይኑር። ማዕከሉ በስልክ ፓስወርድ ወይም ወደ ስልክ የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ፈጽሞ እንደማይጠይቅም ውሉ ላይ ይጻፍ። የጠየቀ ካለ እርሱ ራሱ አጥቂው ነው።

ውሉ ሲፈረም ከዋጋው በላይ ትኩረት የሚገባው አንድ አንቀጽ አለ፦ ቡድኑ ሳያስፈቅድ የመነጠል ሥልጣን አለው ወይስ የለውም? “መጀመሪያ ደውሎ ያስፈቅድ” የሚለው አማራጭ አስተማማኝ ይመስላል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኩ ካልተነሳ ግን 22ቱ ደቂቃ ያልቃል። እኛ የምንመክረው ለሠራተኛ ኮምፒውተሮች ሙሉ ሥልጣን መስጠት ነው፤ በስህተት ቢነጠል የሚጠፋው የአንድ ሰው የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ለሰርቨሩ ደግሞ “በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተነሳ ይነጠል” ማለት ይቻላል።

“ምላሽ በ15 ደቂቃ” የሚለው ቃል ኪዳንም ይመርመር። 15 ደቂቃው ማስጠንቀቂያው እስኪታይ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ እስኪነጠል? ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። አቅራቢው ውጭ አገር ከሆነ የበዓላችን ቀናት ይነገሩት። ገና፣ ጥምቀትና ስቅለት እዚያ ብዙ ጊዜ ተራ የሥራ ቀን ናቸው፤ በገና ዕለት ከቢሮው የሚመጣ መግቢያ እንግዳ መሆኑን ካልተነገረው አያውቅም። ሎጉ ለስንት ቀን እንደሚቆይና የት አገር እንደሚቀመጥም ይጠየቅ፤ የደንበኛ መረጃ የሚይዝ ድርጅት በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግዴታዎች አሉበትና። ክፍያው በዶላር የሚተመን ከሆነ ደግሞ እድሳቱ የሚያልቅበትን ቀን ከ2 ወር በፊት ቀን መቁጠሪያ ላይ ማስፈር ይገባል። ፈቃዱ ያለፈበት ኤጀንት ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ መታየቱ ብቻውን የሚያየው ሰው አለ ማለት አይደለም።

ጥበቃው የሚከሽፍባቸው መንገዶች

ኤጀንት ያልተጫነበት ኮምፒውተር የመጀመሪያው ነው። 15 መሣሪያ ካለና 14ቱ ላይ ከተጫነ አጥቂው 15ኛውን ሰፈር አድርጎ ከዚያ ሆኖ የሌሎቹን ፋይሎች በሼር በኩል ይቆልፋል። ስለዚህ በየወሩ ሁለት ዝርዝር ይነጻጸር፦ ራውተሩ ላይ የሚታዩት መሣሪያዎችና በኢዲአሩ ማዕከል የሚታዩት። ልዩነቱ ላይ ያሉት ናቸው የሚያስጨንቁት።

ድጋፉ ያበቃ ዊንዶውስ ሌላው ነው። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 አብቅቷል፤ የዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ከዚያ በኋላ የደህንነት አፕዴት የሚያገኘው በተራዘመው ፕሮግራም የተመዘገበ ብቻ ነው። አፕዴት መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር አሳይቷል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር፤ ጥቃቱ የተጀመረው ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 59 ቀን ነበረ። በዚህ ጊዜ ያላሻሻሉ በ150 አገሮች ያሉ ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮች ተመቱ። የኢንተርኔት ጥቅል ያልቃል ብሎ አፕዴትን ማጥፋት በከተማችን የተለመደ ነው፤ አፕዴቱን ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲያወርድ ማድረግና ዊንዶውስ አንዱ ኮምፒውተር ካወረደው ሌሎቹ እንዲወስዱ የሚፈቅደውን “ደሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን” ማብራት ፍጆታውን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ሦስተኛው በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት የአስተዳዳሪ ፓስወርድ መኖሩ ነው። ቴክኒሻኑ ለሥራ እንዲመቸው አንድ ፓስወርድ ለሁሉም ይሰጣል፤ ከላይ ባየነው ሌሊት 8፡21 ላይ አጥቂው ወደ ሰርቨሩ የተሻገረው በዚህ ነው። ዶሜይን (ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ከአንድ ሰርቨር ማስተዳደሪያ) ላላቸው ቢሮዎች ማይክሮሶፍት ላፕስ የሚባል መሣሪያ አለው፤ ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊንዶውስ ውስጥ ተካትቶ ይመጣል፣ ለየኮምፒውተሩ የተለያየ ፓስወርድ እየፈጠረ በየጊዜው ይቀይራል። ዶሜይን የሌለው ትንሽ ቢሮ ለየብቻ ፓስወርድ ሰጥቶ ወረቀቱን በካዝና ይቆልፍ። ሠራተኛው በየቀኑ የሚገባበት አካውንት ደግሞ የአስተዳዳሪ ሥልጣን አይኑረው። እንደ አኒዴስክና ቲምቪወር ያሉት የርቀት መሣሪያዎችም ሥራው ሲያልቅ ይዘጉ፤ ቋሚ ፓስወርድ ተሰጥቷቸው የሚተዉበት አሠራር ከተከፈተ ፖርት 3389 ብዙም አይለይም።

መብራትና ኢንተርኔትም አሉ። ኮምፒውተሩ ከጠፋ ኤጀንቱም ዝም ይላል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ኤጀንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባሉት ደንቦች መሥራቱን ይቀጥላል፣ ሎጉንም እስከ ተወሰነ መጠን ያጠራቅማል፤ ከማዕከሉ የሚመጣው የመነጠል ትዕዛዝ ግን አይደርሰውም። ቢያንስ ሰርቨሩ፣ ስዊቹና ራውተሩ በዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ሦስቱም አብረው ካልቆዩ የሰርቨሩ መብራት መቆየት ለጥበቃው አይጠቅመውም። ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር፣ ለምሳሌ ዋናው የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ መጠባበቂያው የሳፋሪኮም ሲም፣ ለሰርቨር ቢኖር ጥሩ ነው።

ኤጀንቱ ራሱም ሊያበላሽ ይችላል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢዲአር አምራቹ ክራውድስትራይክ የላከው ስህተት ያለበት አፕዴት በዓለም ዙሪያ ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በሰማያዊ ስክሪን አስቁሟል። ብዙዎቹን ለማስነሳት ሰው በአካል መሄድ ነበረበት፤ ዲስኩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈበት ደግሞ የመክፈቻ ቁልፉን ይጠየቅ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ሥራ ሁለት ነው፦ አቅራቢው የሚፈቅድ ከሆነ አፕዴቱ መጀመሪያ በአንድ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ይሞከር፣ የቢትሎከር ቁልፎችም ታትመው ከኮምፒውተሮቹ ውጭ ይቀመጡ።

ጥቃቱ ከተጀመረ

ፋይሎች ስማቸውን ሲቀይሩ የሚያይ ሠራተኛ መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱን ይንቀል፣ ዋይፋዩንም ያጥፋ። ገመድ ብቻ ነቅሎ ዋይፋይ የበራበትን ላፕቶፕ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ኮምፒውተሩን ማጥፋት የሚመረጠው ከኔትወርክ መለየት ካልተቻለ ብቻ ነው፤ ሲጠፋ ማስታወሻው ውስጥ ያለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ውጫዊ የባክአፕ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ ወዲያው ይነቀል። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ከዋናው ፋይል ጋር አብሮ ይቆለፋል፤ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ተነቅሎ በሌላ ቦታ የሚያድር መሆን አለበት። ከዚያ ስክሪኑ በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ የሆነው ነገር ከነሰዓቱ በወረቀት ይጻፍ፤ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም አብሮ ይጻፍ።

ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ለፖሊስና በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሥር ላለው የኮምፒውተር ድንገተኛ አደጋ ምላሽ ቡድን ማሳወቅ ይገባል። የደንበኞች የግል መረጃ ተነክቶ ከሆነ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታም አለ።

ወደ ሥራ መመለስ ላይ የሚቸኩሉ ብዙ ናቸው፤ እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ጥቃቱን በሳምንቱ ይመልሰዋል። የተነካው ኮምፒውተር ዊንዶውሱ ከንጹሕ ምንጭ እንደ አዲስ ይጫን፤ በስካን አጽድቶ መቀጠል አይበቃም። ፓስወርዶች ሁሉ ይቀየሩ፣ የሚቀየሩትም ባልተነካ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ነው፤ መጀመሪያ የኢሜይሉ፣ ቀጥሎ የአስተዳዳሪዎቹ፣ ከዚያ የባንኩና የሌሎቹ። ፖርት 3389 ይዘጋ፤ ከቤት መሥራት የግድ ከሆነ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) እና በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይሁን። ባክአፑ የሚመለሰው ደግሞ አጥቂው ከገባበት ቀን በፊት ካለው ቅጂ ነው። ያንን ቀን የሚናገረው የኢዲአሩ ሎግ ነው። አጥቂው ፋይል ከመቆለፉ ከ3 ሳምንት በፊት ገብቶ ከነበረና ውሉ ሎግን የሚያቆየው ለ7 ቀን ብቻ ከሆነ፣ የትኛው ባክአፕ ንጹሕ እንደሆነ ማወቂያ የለም። በውሉ ላይ ቢያንስ 90 ቀን እንዲጻፍ የምንመክረው በዚህ ምክንያት ነው።